ቼኾቭ ሳይጽፈው የተወው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

የሩሲያዊውን ደራሲ የአንቶን ቼኾቭን አጫጭር ልቦለዶች አንብበሽ «ምንም ነገር ሳይሆን ያልቃሉ» ብለሽ መጻፍሽ አላስከፋኝም። ነገር ግን መጽሐፉን ከማስቀመጥሽ በፊት ስለ አንዱ ብቻ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1886 ስለ ታተመው የባለጋሪው የኢዮና ታሪክ፣ የማስበውን ልንገርሽ።

ኢዮና ልጁ የሞተበት በዚያው ሳምንት ነው። በረዶ እየወረደበት ጋሪው ላይ ጎብጦ እንደ ተቀመጠ አንድ መኮንን ይሳፈራል፤ ኢዮናም ዞር ብሎ ሐዘኑን ይነግረዋል። መኮንኑ «በምን ሞተ?» ሲል ይጠይቃል። ልጁ ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኝቶ እንደ ሞተ አባት መናገር ሲጀምር ግን ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ይሰድበዋል፤ ተሳፋሪውም «ፍጠን» ብሎ ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን ይጨፍናል። ቼኾቭ እዚህ ላይ የፍርድ ቃል አልጨመረም። መኮንኑም ቢሆን ጨካኝ አይደለም፤ ጠይቋል እኮ! ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እሱን ረግመን በተገላገልን ነበር፤ ጨዋ መሆኑ ግን እኛንም ከእሱ ጋር ጋሪው ላይ ያስቀምጠናል።

ይህን ቁጥብነት ከሕክምና ሙያው የቀዳው ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን የበለጠ ያስተማረው የተማሪነት ዘመኑ ይመስለኛል፤ ያኔ ቤተሰቡን ለመርዳት ይጽፍባቸው የነበሩት የቀልድ መጽሔቶች የሚሰጡት ቦታ እጅግ ጠባብ ነበር። በዚያው በ1886 ለወንድሙ ለአሌክሳንደር በጻፈው ደብዳቤ፣ የጨረቃ ሌሊትን ለማሳየት በወፍጮው ግድብ ላይ የምታብለጨልጭ የጠርሙስ ስባሪ እንደምትበቃ መክሮታል። እንግዲህ ቁጥብነት ማለት ዓረፍተ ነገርን መቆራረጥ አይደለም (ብዙ አስመሳዮቹ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው)፤ የቼኾቭ ዓረፍተ ነገሮች አንዳንዴ ረጃጅም ናቸው፤ የሚቆጥበው ስሜቱን ነው።

በመጨረሻ ኢዮና በረት ገብቶ ድርቆሽ ለምታኝከው ፈረሱ «ውርንጭላ ነበረሽ እንበል፤ ድንገት ቢሞትብሽ አታዝኚም?» እያለ ሁሉን ይነግራታል። ስለ እንባ አንድም ቃል ሳይጻፍ ታሪኩ እዚያው ይቆማል።

አንድ ቦታ ብቻ ያጠራጥረኛል፤ የኢዮና ሐዘን ከልቡ ፈንድቶ ቢወጣ ዓለምን ሁሉ ያጥለቀልቅ ነበር የሚለው። ለእኔ ቼኾቭ በዚያ ታሪክ ውስጥ ድምፁን ከፍ ያደረገበት ስፍራ ይህ ነው። አንቺ አርታኢው ብትሆኚ ትሰርዢው ነበርን? መልስሽን እጠብቃለሁ።

አባትሽ