የራስ ቁራችሁ ለምን ይቆያል? ለምንስ ተወደደ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን የሚደርሱን ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። «ሲያዩት ምንም ልዩነት የሌለው ባሲኔት ሌላ ቦታ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። የእናንተ ምን ስለሆነ ነው?» ትላላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው አናቱ ላይ ነው።

ባሲኔት በ14ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ጦረኞች ያጠልቁት የነበረ፣ አናቱ ሾጠጥ ያለ የራስ ቁር ነው። ጠፍጣፋ ላሜራ ወደዚህ ቅርጽ የሚመጣበት አንዱ መንገድ፣ የተቦረቦረ ጉቶ ላይ አስቀምጦ ከውስጥ በኩል በድቡልቡል መዶሻ መደብደብ ነው። ፈጣን ነው። ግን ብረቱ ከየትም አይጨመርም፤ እየተለጠጠ ይሳሳል። 2 ሚሊ ሆኖ የገባው ላሜራ አናቱ ጋ ሲደርስ ወደ 1.6 ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። ዱላው የሚያርፈው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

እኛ በአብዛኛው የምንሠራው በሌላኛው መንገድ ነው። ላሜራውን ድቡልቡል መስፍ ላይ ደግፈን፣ ከውጭ በኩል ዙሪያውን እየመታን ወደ ውስጥ እንሰበስበዋለን። ጠርዙ እንደ ቀሚስ ይሸበሸባል። ሽብሽቡ ሳይደራረብ አንድ በአንድ መተኛት አለበት፤ አንዴ ከተደራረበ ስንጥቅ ይሆናል። እንዲህ የተሠራ ብረት አናቱ ላይ አይሳሳም፣ ጎኑ እንዲያውም ይወፍራል። ችግሩ ሲደበደብ እየጠነከረ፣ እምቢ እያለ መሄዱ ነው። ስለዚህ ቀይ እስኪሆን እናግለዋለን፣ ቀስ ብሎ እንዲበርድ እንተወዋለን፣ ከዚያ እንደገና መዶሻ። ጊዜያችሁን የሚበላው ይኸው ምልልስ ነው።

በሁለት ግማሽ ሠርቶ መሃሉን መበየድ ነውር አይደለም። እኛም እንሠራለን፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ብየዳው በደንብ ከተሞረደ ዓይን አይለየውም። ብቻ ግማሾቹ ሲደበደቡ ስለሚሳሱ ወፈር ካለ ላሜራ እንጀምራለን። የትኛውንም ብታዙ አናቱን ለክተን ውፍረቱን ደረሰኙ ላይ እንጽፍላችኋለን። ሌላ ቦታ ስትገዙም ይህን ቁጥር ጠይቁ፤ ዝም ካሏችሁ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው ማለት ነው።

ለውድድር የምትፈልጉት ሰዎች የቡድናችሁን ደንብ ቀድማችሁ ላኩልን። ለምሳሌ በ1966 በካሊፎርኒያ የተጀመረውና ራታን ከሚባል ቀርከሃ መሰል ተክል በተሠራ ዱላ የሚገጥመው ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም የተባለ ማኅበር፣ ቢያንስ 1.6 ሚሊ ብረት ይጠይቃል። የፊት መከላከያው ክፍተትም 25 ሚሊ ገደማ ውፍረት ያለው ዘንግ ማሳለፍ የለበትም። ቀለል ያለ ቁር ከፈለጋችሁ የመኪና ባሌስትራ ከሚሠራበት ዓይነት ብረት እንሠራለን። 850 ዲግሪ አካባቢ ግሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ እንዳይሰባበር በመጠኑ እንደገና ይሞቃል። ተራው ላሜራ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ በዚህ መንገድ አይጠነክርም፤ «እሱንም ንከሩልን» ብትሉን ገንዘባችሁን ማባከን ነው።

ስለ ልክ አንድ ነገር። የራሳችሁን ዙሪያ ብቻ አትላኩ። ከግንባር እስከ ማጅራት፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለውንም ለኩ። ውስጡ የሚገባው ስፖንጅ በየጎኑ 13 ሚሊ ያህል ቦታ ይወስዳል። ጠባብ ቁር መጥቶ ስፖንጁን እየቆረጡ ማስገባት ሥራውን ሁሉ ገደል መክተት ነው።

የራሳችሁን ላሜራ የምትልኩ፣ እባካችሁ ዚንክ የተቀባ አትላኩ። ሲግል የሚወጣው ጭስ ሰው ያሳምማል፤ እንመልሰዋለን።

ቁሩ ዘይት ተቀብቶ ይደርሳችኋል። ከተጠቀማችሁ በኋላ ላቡን ጠርጋችሁ ስስ ዘይት ቀቡት። ቆዳ ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ አታሳድሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ዝገቱም ከዚያ ይጀምራል።

ለበጋው ውድድር ያዘዛችሁና ልካችሁን ያልላካችሁ ካላችሁ በዚህ ሳምንት አድርሱን። ልክ ሳይደርሰን ላሜራ አንቆርጥም።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርክሾፑ ባልደረቦች