ለጋራ የፎቶግራፍ ማተሚያ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና የፎቶግራፍ ወዳጆች፣

ሥራዎቻችን ኮምፒውተርና ስልክ ውስጥ ተቆልፈው መቅረት የለባቸውም። ታትሞ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ሰውን ያስቆማል፤ ያከራክራል። ሌላ ቦታ ማሳተም ግን ለብዙዎቻችን ከአቅም በላይ ሆኗል፤ የታተመውም ሁልጊዜ እንዳሰብነው አይወጣም። ጥቁር ሻርፕ የተከናነቡ አንዲት አሮጊትን የሚያሳይ የአንድ አባላችን ሥራ ታትሞ ሲመጣ፣ በስክሪን ላይ አንድ በአንድ ይቆጠር የነበረው የሻርፑ እጥፋት ጠፍቶ ወጥ ጥቁር ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ሁላችንም የምንጠቀምበት ሰፊ ማተሚያ ለመግዛት ተነሥተናል፤ እናንተም እንድታግዙን እንጠይቃለን።

ገንዘባችሁ በምን ላይ እንደሚውል የማወቅ መብት አላችሁና ምርጫችንን እናስረዳ። ብዙ የተከራከርነው በስፋቱ ላይ ነው። የ17 ኢንች ማተሚያዎች፣ ለምሳሌ የኤፕሰን ፒ900 እና የካኖን ፕሮ-1000፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡና ጥራታቸው የሚመሰገን ናቸው። ለአንድ ባለሙያ እኛም እንመክራቸዋለን። ነገር ግን የኤፕሰኑ የቀለም ካርትሪጅ 50፣ የካኖኑ 80 ሚሊ ሊትር ብቻ ይይዛል፤ በትንሽ ካርትሪጅ የሚገዛ ቀለም ደግሞ ሒሳቡ በሚሊ ሊትር ሲሠራ ውድ ነው። ብዙ ሰው ለሚፈራረቅበት ማሽን ይህ አያዋጣም። ባለ 44 ኢንቹ በበኩሉ ክፍላችንን ያጣብባል። የመረጥነው 24 ኢንች፣ ማለትም 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቅል ወረቀት የሚቀበለውን ነው። ብዙዎቻችን የምንይዘው ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 ፒክስል ይሰጣል፤ በአንድ ኢንች 200 ፒክስል ሒሳብ ሲታተም 76 በ51 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከግድግዳ ትንሽ ራቅ ብሎ ለሚያይ ይህ በቂ ነው።

በቀለሙ ዓይነት ላይ ሁላችንም ተስማምተናል፤ ፒግመንት፣ ማለትም በፈሳሹ ውስጥ የማይሟሟ ደቃቅ የቀለም ቅንጣት ያለው፣ መሆን አለበት። በፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟው የዳይ ቀለም ደማቅ ቢሆንም ብርሃንና አየር ቶሎ ያደበዝዙታል። ከጥቁሩ ሌላ ግራጫ ቀለሞች ያሉት ማሽን እንፈልጋለን፤ የዚያ ሻርፕ እጥፋት ከጥቁሩ ተለይቶ እንዲወጣ የሚረዱት እነዚህ ግራጫዎች ናቸውና። ለአንጸባራቂና ለማት (ለማያንጸባርቅ) ወረቀት የሚያገለግሉት ሁለቱ ጥቁሮችም አብረው የተገጠሙ መሆን አለባቸው። በአንዳንድ የቆዩ ማሽኖች ከአንዱ ጥቁር ወደ ሌላው መቀየር ብቻ ብዙ ቀለም ያባክናል።

ቀለም የሚረጨው ክፍል፣ ባለሙያዎች «ሄድ» የሚሉት፣ ብዙ አስጨንቆናል። የኤፕሰን ሄድ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ከተበላሸ ግን የቴክኒሻን እጅና ከባድ ወጪ ይጠይቃል። የካኖን ሰፋፊ ማሽኖች ሄድ በሙቀት ስለሚሠራ እያደር ያልቃል፤ ነገር ግን ተጠቃሚው ራሱ ይቀይረዋል። ብዙ እጅ ለሚነካው የጋራ ማሽን ራሳችን የምንቀይረው ይሻላል ብለን ወስነናል።

እዚህ ላይ አደራ የምንለው አለ። የማሽኑ ዋጋ የወጪው መጀመሪያ ብቻ ነው። አብሮት የሚመጣው ቀለም ከፊሉ ቱቦዎቹን ሲሞላ ያልቃል። ሥራ ፈትቶ የቆመ ማተሚያ ደግሞ ቀለሙ ይደርቅበታል፤ ከሄዱ ቀዳዳዎች አንዲቷ ስትደፈን በጠራ ሰማይ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን ነጭ መስመር ይጋደማል፤ ያ ወረቀት አይመለስም። ስለዚህ የምናሰባስበው ለማሽኑ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ሙሉ ዙር ቀለም፣ ለወረቀትና ለተረፈ ቀለም ማጠራቀሚያው ጭምር ነው። ሁሉም ሳይሟላ ግዥ አንፈጽምም።

በገንዘብ የማትችሉ በዓይነት አግዙን። ማሸጊያው ያልተከፈተ ጥቅል ወረቀት በደስታ እንቀበላለን። የቀለም መለኪያ መሣሪያ ያላችሁ ለየወረቀቱ ፕሮፋይል፣ ማለትም ቀለሙ በዚያ ወረቀት ላይ በትክክል እንዲወጣ የሚያደርግ የቅንብር ፋይል፣ እስክንሠራ አውሱን። ማሽን የመግጠም ልምድ ያላችሁ አንድ ቀን ስጡን።

እያንዳንዱ ደረሰኝ በማኅበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ጀማሪ አባላት የወረቀትና የቀለም ወጪ ብቻ ሸፍነው ያትማሉ። ስታዋጡ ለማሽኑ ወይስ ለቀለምና ለወረቀት መሆኑን ለገንዘብ ያዣችን ንገሩ፤ ካልነገራችሁ ለቀለሙ እንመዘግበዋለን።