ማቆያው መኖሩ ብቻ አይበቃም

ለአዘጋጁ፦

ስለ ሕፃናት ማቆያና ቅድመ መደበኛ ትምህርት ያወጣችሁት ጽሑፍ የማቆያዎቹ ብዛት ላይ ብቻ ማተኮሩ አልተዋጠልኝም። አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለሁሉም ሕፃናት ሊያዳርሱ የተስማሙት "ጥራት ያለው" ቅድመ መደበኛ ትምህርት ነው፤ የምትዘነጋው ቃል ያቺው ናት። የሦስት ዓመት ልጅ እርሳስ በጡጫው ጨብጦ ገጽ ሙሉ ፊደል ሲገለብጥ አይቻለሁ፤ ጣቶቹ ገና አልጠኑም እኮ! በዚያ ዕድሜ ለጽሕፈት የሚያዘጋጀው ጭቃ ማድቦልቦል፣ ወረቀት መቅደድ፣ ተረት መስማት ነው።

ሌላው የተንከባካቢዎቹ ነገር ነው። አንዷ ሃያ ልጅ ይዛ የማንን እንባ ታብሳለች? ደሞዙ ስለማያቆያቸውም ቶሎ ቶሎ ይቀያየራሉ፤ ልጅ ደግሞ የሚረጋጋው በለመደው ሰው ነው። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው አካል አንዲት ተንከባካቢ ስንት ልጅ እንደምትይዝ በየዕድሜው ይወስን። ቁጥሩም በር ላይ ይለጠፍና ወላጅ ልጁን ሲያደርስ ቆጥሮ ያረጋግጥ።