በሕፃናት ላይ ለሚፈጸም ጥቃት ይርጋው ከመቼ ጀምሮ ይቆጠር?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን ወሲባዊ ጥቃት አስመልክቶ በአደባባይ የሚሰማው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው በቅጣቱ ማነስ ላይ ነው። ቅጣት ግን ተከሳሹ ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው፤ ክሱን ከመነሻው የሚያስቀረው ይርጋ፣ ማለትም ክስ ሊቀርብበት የሚችለው የጊዜ ገደብ፣ ሲነሣ እምብዛም አይሰማም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 217 የይርጋውን ርዝመት ከቅጣቱ ጣሪያ ጋር ያያይዘዋል። ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል በ25 ዓመት፣ ጣሪያው ከ10 ዓመት በልጦ እስከ 25 ዓመት የሚደርስ በ20 ዓመት፣ ከ5 በልጦ እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ደግሞ በ15 ዓመት ይታገዳል። ስለዚህ 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ የደፈረ ሰው በ20 ዓመት ውስጥ ሊከሰስ ይችላል፤ ከዚህ በመለስ ያለ የብልግና ድርጊት የፈጸመባት ግን ቅጣቱ ከ10 ዓመት ስለማያልፍ ከ15 ዓመት በኋላ አይጠየቅም።

ቁጥሮቹ ለብቻቸው ሲታዩ አጭር አይመስሉም። ችግሩ ያለው አንቀጽ 219 ላይ ነው፤ ቆጠራው ከድርጊቱ ቀን ስለሚጀምር፣ በ5 ዓመቷ የብልግና ድርጊት የተፈጸመባት ልጅ ጊዜዋ የሚያበቃው ገና 20 ዓመት ሲሞላት ነው። ከነዚህ 15 ዓመታት ውስጥ 13ቱን ያሳለፈችው በሌሎች ሥልጣን ሥር ሆና ነው። አጥፊው አባት፣ አጎት ወይም የእንጀራ አባት በሆነ ጊዜ ደግሞ ስለ እርሷ አቤት ማለት የሚገባቸው ሰዎች ገመና እንዳይወጣ ብለው ነገሩን በሽምግልና ይሸፍኑታል። ከዚያ ቤት ወጥታ፣ የራሷን ኑሮ መሥርታ፣ የደረሰባትን በድፍረት ለመናገር ስትበቃ ዐቃቤ ሕጉ ጊዜው አልፏል ሊላት ይችላል። ሕጉ መናገር ያልቻለችባቸውን ዓመታት ዝም እንዳለችባቸው አድርጎ መቁጠሩ ለእኔ ፍትሐዊ አይደለም።

ማስረጃ በጊዜ ብዛት ይጠፋል፣ ንጹሕ ሰውም ከዘመናት በኋላ ራሱን መከላከል ይቸግረዋል የሚለው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የማስረዳት ሸክሙ ሁልጊዜም የዐቃቤ ሕግ ነው፤ ማስረጃው ካልበቃ ተከሳሹ ነጻ ይወጣል። የደርግ ባለሥልጣን የነበረው እሸቱ ዓለሙ በ1970 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ በተፈጸመ የጦር ወንጀል በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ሄግ ላይ ዕድሜ ልክ ሲፈረድበት 40 ዓመት ገደማ አልፎ ነበር፤ ምስክርም ሰነድም ግን ተገኝቷል። በእርግጥ ያ ወንጀል ሌላ ዓይነት ነው፤ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 28 ይርጋ የማያግዳቸው እንደ ዘር ማጥፋትና ያለ ፍርድ ግድያ ያሉት ናቸው፤ የሕፃናት ጥቃትም እዚያ ውስጥ ይግባ አልልም።

የምጠይቀው አንቀጽ 219 ላይ አንድ ንዑስ አንቀጽ እንዲጨመር ብቻ ነው፤ ተበዳዩ ሕፃን ሲሆን ይርጋው 18 ዓመት ከሞላው ቀን ጀምሮ ይቆጠር። ጀርመን ቆጠራውን ተበዳዩ 30 ዓመት እስኪሞላው ታቆየዋለች፤ ስዊዘርላንድ ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ባሉት ላይ ለሚፈጸም ከባድ ወሲባዊ ጥቃት ይርጋውን ጨርሳ አንሥታለች። የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማይሠራ ቀድሞ የታገደ ክስ በማሻሻያው ይነሣል ብዬ አልጠብቅም። ፍትሕ ሚኒስቴር ረቂቁን ዛሬ ቢጀምረው እንኳ የሚደርስላቸው ጊዜያቸው ገና ላላለፈው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ