ጭቃን ለምን ናቅነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ከመሀል አዲስ አበባ ወጣ ብሎ መካኒሳ የሚገኘውን ዞማ ሙዚየም ሰሞኑን ጎበኘሁ። ወይዘሮ መስከረም አሰግድና ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ የመሠረቱት ይህ ግቢ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲከፈት ብዙ ተብሎለታል። አትክልቱም ያምራል፤ እኔን የያዘኝ ግን ግድግዳው ነው። ጭቃና ጭድ ነው! ጠጋ ብሎ ላየው የጭዱ ስብርባሪ ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ምርጊቱ ላይ በእጅ የወጣው ቅርጽም እንደ ጥልፍ ይዞራል።

እኛ ግን በከተማዋ ዳርቻ አዲስ ሰፈር በቆረቆርን ቁጥር ብሎኬትና ሲሚንቶ ብቻ እንደረድራለን። ሲሚንቶ የሚመረተው የኖራ ድንጋይን ከሌላ አፈር ጋር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ በማቃጠል ነው፤ የተቃጠለ አየር የሚወጣውም ከነዳጁ ብቻ ሳይሆን ከድንጋዩ ከራሱ ጭምር ነው። ጭቃ የሚደርቀው በፀሐይ ነው። ዝናብ ያፈርሰዋል የሚሉ አሉ፤ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረትና ሰፊ የጣራ ክፈፍ ካለው ግን ክረምቱን ይችላል (ፎቅ ይሠራበት ማለቴ አይደለም)።

የጭቃ ቤት የድሃ ቤት ነው መባሉ ያንገበግበኛል። ምርጊት የሚያውቁ እጆች ሳያልቁ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶቻችን በአስተማሪነት ይቅጠሯቸው፤ የግንባታ ፈቃድ ሰጪዎችም ለባለ አንድ ወለል የጭቃ ቤት ግልጽ ደረጃ ያውጡለት።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ