የግርግሙ ትርጉም ከመሠዊያው አይለይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የገና ሰሞን ጋዜጦች የዶሮውን፣ የቅቤውንና የሽንኩርቱን ዋጋ ይዘግባሉ። ሰው የሚጨነቅበት ነገር ነውና ተገቢ ነው። እኛ በአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች የምናገለግል የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ግን በየቁምስናው (በየአጥቢያ ቤተክርስቲያኑ) እና በየኮንዶሚኒየሙ ስለሚዘጋጀው የገና ግርግም፣ ማለትም የጌታን ልደት በምስሎች ስለሚያሳየው ዝግጅት ልንጽፍ ወደድን። ግርግሙ በጌጥ እየደመቀ፣ የተዘጋጀበት ምክንያት ግን እየተረሳ መምጣቱ ያሳስበናል።

ቤተክርስቲያናችን ቃል ሥጋ የሆነበትን ምክንያት በአራት ታስተምራለች (የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ፣ ቁጥር 457–460)፤ ከእግዚአብሔር ጋር አስታርቆ ሊያድነን፣ ፍቅሩን እንድናውቅ፣ የቅድስና አርአያ ሊሆነን፣ የመለኮታዊ ባሕርይ ተካፋዮች ሊያደርገን። አራተኛው ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። ለኢትዮጵያውያን ግን እጅግ ቅርብ ሊሆን በተገባ፤ አጉልቶ ያስተማረው የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የላከልን አባት ነውና። ተካፋዮች የምንሆነውም በሐሳብ ብቻ ሳይሆን ቅዱስ ቁርባን በመቀበል ነው። ሉቃስ እናቱ «በግርግም አስተኛችው» ይላል (2፥7)። ግርግም የከብት መኖ የሚቀርብበት ነው። ለዓለም መብል ሊሆን የመጣው ጌታ ገና ሲወለድ የተኛው መብል በሚቀመጥበት ላይ ነው።

ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ እ.ኤ.አ. በ1223 በጣሊያን ግሬቾ መንደር ያዘጋጀው በድርቆሽ የተሞላ ግርግም፣ ከበሬና ከአህያ ጋር ነበር። መሥዋዕተ ቅዳሴው እዚያው ግርግሙ ላይ ቀረበ፤ ፍራንቸስኮስ ዲያቆን ስለነበረም ወንጌሉን ያዜመው እርሱ ነው። በሬውና አህያው በሉቃስ ወንጌል የሉም፤ የመጡት ከኢሳይያስ ነው፦ «በሬ የገዢውን አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ፤ እስራኤል ግን አላወቀም» (1፥3)። ለልጆች ስታሳዩአቸው ይህን ጥቅስ አብራችሁ አንብቡላቸው፤ አለበለዚያ እንስሳቱ ማሟያ ብቻ ይመስሏቸዋል።

እንግዲህ አሠራሩ። በቤተክርስቲያን ውስጥ ግርግሙ ከመሠዊያው ፊትም ሆነ በመቅደሱ ክልል ውስጥ አይቁም። ወደ ጎን ይሁን፤ ሰው ቆርቦ ሲመለስ የሚያየው ቦታ ቢሆን ይመረጣል። ፊት ለፊት ሲቆም በቁርባን ሰልፍ መሀል ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ይጀመራል፤ ዓይን ከቁርባኑ ወደ ምስሉ ይሄዳል።

ለኮንዶሚኒየም ቤት 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ይበቃል። ምስሎቹን ልጆች በሸክላ አፈር ቢሠሩ የተገዛውን ፕላስቲክ ያስንቃል። ጭቃው በደቀቀ የጤፍ ጭድ ይታሽ፤ ምስሉ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው። ውፍረቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ግን ውስጡ በጣት ይቦርቦር፤ ካልተቦረቦረ ውስጡ ገና እርጥብ ሳለ ውጭው ደርቆ ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል። ፀሐይ ላይ ማስጣትም ያንኑ ያመጣል፤ ጥላ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆይ። ድርቆሽ በዚህ ወቅት ከሱሉልታ በኩል እንደልብ ይገባል፤ አንድ እቅፍ ይበቃል። ጥጥ በረዶ አስመስሎ መበተን ይቅር፤ ወንጌሉ ስለ በረዶ አያወራም፣ ጥጥም በሻማ ቶሎ ይያያዛል። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ሻማ ማብራት ካስፈለገ ከድርቆሹ ርቆ፣ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ይቁም፤ ቤተሰቡ ሲተኛ ይጥፋ።

ሕፃኑ እስከ ታኅሣሥ 28 ሌሊት አይቀመጥ። ባዶው ግርግም መጠበቅን ያስተምራል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት የተቀመጠ ሕፃን በልደት ሌሊት ማንንም አያስደንቅም። ከሌሊቱ ቅዳሴ መልስ የቤቱ ታናሽ ልጅ ያስቀምጠው፤ ሉቃስ 2፥1–14 ይነበብ። ሰብአ ሰገል ከሩቅ ይጀምሩ፤ ማቴዎስ ወደ ቤት ገብተው ሕፃኑን ከእናቱ ጋር አዩት ይላልና (2፥11)፣ በየቀኑ ጥቂት እያስጠጓቸው እስከ ጥምቀት ማድረስ ይቻላል። ቁጥራቸውን ወንጌላዊው አልጻፈም።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ኑዛዜና ያለ ቁርባን ከተፈጸመ ጎደሎ ነው። ለኑዛዜ የዋዜማውን ምሽት አትጠብቁ፤ ሰልፉ ይረዝማል፣ ካህኑም ለእያንዳንዱ የሚገባውን ጊዜ መስጠት አይችልም። በሳምንቱ ቀድማችሁ ኑ።

በግርግሙ አጠገብ ለተቸገሩ ጎረቤቶች ጤፍ፣ ዘይትና ሽሮ የሚሰበሰብበት ካርቶን የማስቀመጥ ልማድ በየቁምስናው ቢስፋፋ እንወዳለን። የተሰበሰበው ከታኅሣሥ 26 ሳያልፍ ይታደል። ጤፍ ተፈጭቶ፣ ሊጡም እንጀራ እስኪሆን ቀናት ይፈልጋል፤ በበዓሉ ማለዳ የደረሰ ጤፍ ለዚያ ቀን ማዕድ አይደርስም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን
ከአዲስ አበባ ዳርቻ