«ጠፍተዋል» የተባሉትን ማን ይፈልጋቸው?

ይድረስ ለክልላችን ጤና ቢሮ ኃላፊዎች

እንደምን ሰነበታችሁ? ባሕር ዳር የምኖር የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በኤች አይ ቪ መከላከል ጥናት ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ አንዲት ቃል ነው፤ መዝገብ ላይ ስለምትጻፈው «ጠፍቷል»።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በቃሬዛ የመጣ ሰው ከወራት በኋላ በእግሩ ሲሄድ ያየንበት ጊዜ ነበር። ቀጠሮው አልፎ ያልመጣ ደግሞ «ጠፍቷል» ይባላል። እኔም ለዓመታት እነዚህን ቆጠርኩ፣ በመቶኛ አሰላሁ፣ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ወዴት ሄዱ ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ያሳፍራል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

በኋላ አንድ ቀን በጠዋት ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርኩ። (ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ አይታመንም።) አብራኝ የመጣችው ታካሚዎችን የምትከታተል ሴት ነበረች። ቫይረሱ በእሷም ደም ውስጥ አለ። አድራሻ አያስፈልጋትም፤ ሰዎቹን በአጥራቸውና በውሻቸው ታውቃቸዋለች።

ከቡናው ጥላ ሥር አንዲት እናት አገኘን። መዝገቡ ላይ ከጠፋች ቆይታለች። ገባ ብላ ከጆንያ ሥር በፌስታል የተቋጠረ ክኒን አወጣች።

«ብልቃጡ ይንኳኳል፤ ጎረቤት ይሰማል» አለችን።

ለካስ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ስም ነው የምትወስደው። በፊት የምትታከምበት ቦታ የመድኃኒቱ ክፍል በር የሚከፈተው ወደ ካርድ ወረፋው ነው። ወረፋው ላይ ደግሞ የባሏ እህት አትጠፋም። ስለዚህ በየቀጠሮው የጀልባ ከፍላ ከተማ ትመጣለች። ክኒኗን አንድ ቀን አላቋረጠችም።

ሁሉም እንደሷ አይደሉም። ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዶ መድኃኒቱ ያለቀበት ወጣትም አግኝተናል። እሱን ያስመለሰችው ያቺው አብራኝ የመጣችው ሴት ናት፤ ስትደውል፣ ስትቆጣው፣ ደግሞ ስትለምነው።

በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በአገሪቱ ከተሞች በተደረገው ጥናት ቫይረሱ የተገኘው ከ15 እስከ 64 ዓመት ካሉ ሴቶች በ4.1 በመቶው፣ ከወንዶች ደግሞ በ1.9 በመቶው ነው። ሸክሙ ማን ላይ እንዳለ ይኸው። መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ሰው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። የጠፋን ሰው ፈልጎ መመለስ ማከምም መከላከልም ነው የምለው ለዚህ ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ዕርዳታ ሲታገድ የዚያች ታካሚዎችን የምትከታተል ሴት ውል ተቋረጠ። ደመወዟ ቆመ። ስልኳ ግን አልቆመም፤ ዛሬም ማታ ማታ ይደውሉላታል፣ በራሷ ካርድ መልሳ ትደውላለች።

እባካችሁ እንደሷ ያሉትን በመንግሥት በጀት ቋሚ መደብ ክፈቱላቸው። የጀልባና የባጃጅ ወጪያቸውንም ያዙላቸው። የትምህርት ማስረጃ የላቸውም የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እኔ ማስረጃው አለኝ፤ ያቺን እናት ግን ብቻዬን ብሄድ አላገኛትም ነበር።

የዚያን የመድኃኒት ክፍል በር ደግሞ በጓሮ በኩል አስከፍቱልን። የአንድ አናጢ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ከባሕር ዳር